ልጃቸውን ሳይመርቁ የሸኙት የአቶ ደምመላሽ ኃይለልዑል የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምመላሽ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለልዑል አያና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋርጋ በ1943 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀው፣ በ1963 ዓ.ም. ሮቤ ወርደው በስንዴ ግዢ ሥራ ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም አገለገሉ። ጆንያ ሲቀርብላቸው አፉ ላይ ያለውን ስንዴ ዞር ብለው አያዩም፤ ጎኑን ወግተው ናሙናውን ከሆዱ ያወጣሉ። ሰውንም የሚያዩት እንደዚያው ነበር። ወንጌልን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ሳይጠመቁ አራት ዓመት ሰባኪዎቻቸውን ሲያጣሩ ቆይተዋል።

በ1971 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሠርከአዲስ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ምኞትንና ፍቅረየሱስን ወልደዋል።

በ2011 ዓ.ም. የሮቤ ጉባኤያቸው ፍቅረየሱስን ወደ ዴንማርክ ልኮ ቤተ ክርስቲያን ለማስተከል ወሰነ። ሕዝቡ በደስታ ሲያለቅስ አቶ ደምመላሽ ብቻ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ወደ አውሮፓ ሲሆን ሁሉም ራእይ ያያል፤ እዚሁ ላለው ለሃረና ጫካ ግን የሚጠራ ጠፋ!» አሉ። ልጃቸው ወንጌልን መውጫ በር አድርጎታል ብለው ጠረጠሩ። የስንብቱ ዕለት ሽማግሌዎች ሁሉ እጃቸውን ሲጭኑበት እርሳቸው እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አላወጡም። ጎረቤታቸው ሐጂ ኡመር ሳይቀሩ፣ «ያ ደምመላሽ፣ ልጅ ያለ ኤባ፣ ያለ ምርቃት አይሸኝም። ወላሂ መንገዱ ይጠብበታል!» ብለው ቢቆጡም አልሰሙም። ፍቅረየሱስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ለአባትም ለልጅም ከባድ ዓመታት ነበሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በዴንማርክ የጀመረው ጉባኤ አራት ሰው እንደሆነ ልጃቸው ሲነግራቸው፣ «ለአራት ሰው አገር ይለቀቃል?» ብለው ስልኩን ለእናቱ ሰጡ።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። ፍቅረየሱስ በጥቅምት ሊጠይቃቸው ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አባረሩህ?» የሚል ነበር። እርሱም ከአራቱ አንዷን፣ ወይዘሮ ኪርስተንን፣ በቪዲዮ አገናኛቸው። ልጃቸው እንዳያስተረጉም ከለከሉና የእንግሊዝኛ መምህሩን ጎረቤታችንን አቶ ብሩህን አስጠሩ። ወይዘሮዋም፣ «እግዚአብሔር መኖሩን ገና እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቴ ሲሞት ግን ከልጅዎ በቀር በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ለምን እንደሚመጣ እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ፤ ሲዘገይብኝ ደግሞ መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ» አሉ።

አቶ ደምመላሽን ሳቅ አሸነፋቸው። «ይቺስ እህቴ ናት!» አሉ። ከዚያም እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥተው በልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ፤ እስኪደክማቸውም መረቁት። በሳምንቱ፣ «ሂድ፣ ሴትዮዋን አታስጠብቃት» ብለው ራሳቸው ሸኙት።

አቶ ደምመላሽ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ጸሎትን ትተውልናል።

ከትናንት ጀምሮ በለቅሶው ቤት «አባቱን የማይቀብር ምን ዓይነት አገልጋይ ነው?» የሚል ሹክሹክታ ሰምተናል። እንዳይመጣ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። «ቀብሬ እሑድ ቢሆን፣ እነዚያን አራት ሰዎች በትነህ እንዳትመጣ። ከመጣህ ያን ጊዜ ነው የምጠረጥርህ» ብለውታል። ዛሬ እሑድ ነው፤ ፍቅረየሱስ እያለቀሰ እየሰበከ ነው።

ሳያዩ ማመን ይከብዳቸው ለነበረው አባታችን ጌታ ፊቱን አሳይቶ ያሳርፍልን። አሜን።