ቦራዋ ትይዝ ይሆን

ሰኞ፣ ኅዳር ፯ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.

ግራጫዋ በግም ጣለች። ጠዋት በረቱን ስከፍት ጽንሷ ጭድ ላይ ወድቋል፤ ገና ጠጉር አላበቀለም። እሷ ሣር ትበላለች።

ፈረንጁ ሐኪም አየና ጻፈ። ያረገዘች በግ ያደነዝዛል፣ ጎኗን ይከፍታል፣ ከማኅፀኗ ግራና ቀኝ ያሉትን ባቄላ የሚያህሉ ፍሬዎች አውጥቶ ይሰፋታል። ጽንሱን አይነካም። ያለ ፍሬዎቹ ጽንሷን ይዛ ትቆይ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ከከፈታቸው አራት በጎች ሦስቱ አልያዙም። የቀረችው ግንባሯ ነጭ የሆነችው ቦራዋ ናት።

እኔ የበጎቹ ጠባቂ ነኝ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ላይ ለአሮጊት ሌላ ሥራ የለም።

ማክሰኞ

እመት ድንቄ ከመዘዞ መጣች፤ የየሺ አማት። የሺ የወንድሜ ልጅ ናት። እናቷ ስለሞተች የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታለች።

ሴትዮዋ ከበቅሎዋ ሳትወርድ፣ «ሾተላይ ያለባት ሴት ዘንድ መሆኗ ሳያንስ፣ ጽንስ የሚጣልበት በረት አጠገብ?» አለች።

«ወርደሽ ስደቢኝ፤ አንገቴን አመመኝ» አልኋት።

አልሳቀችም። ቦራዋም ከጣለች ዓርብ ምራቷን እንደምትወስድ ነገረችኝ። እስከዚያ እዚሁ አንኮበር ዘመዷ ቤት ታድራለች።

ረቡዕ

ቦራዋ ገብሱን አሸትታ ተወችው።

የሺ፣ «እቴቴ፣ ብትጥል እሄዳለሁ ማለት ነው?» አለች።

«የበግ ሆድ ሌላ፣ ያንቺ ሌላ» አልኋት። 

የኔ አራት ጊዜ ወርዷል። ደብተራው ሾተላይ ነው አለ። ባሌ እርግማን ነው ብሎ ፈታኝ። ጎረቤት መድኃኒት ጠጥታ ነው አለ። ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም።

ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ነው፤ ይህችን ለመጻፍ እንኳ እጄ ደከመ።

ሐሙስ

ቦራዋ በላች። ውሃም ጠጣች። ለየሺ አልነገርኋትም፤ ተስፋ ሰጥቼ እንዳልነሣት።

ዓርብ

እመት ድንቄ በማለዳ መጣች። የቦራዋን ጎን ዳበሰች። ግልገሉ ሲራገጥ እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

«የሰይጣን ሥራ ነው» አለች።

«ሰይጣን ጽንስ መጠበቅ ጀመረ በይኛ።»

እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ኋላ፣ «ምራቴ እስከ ጥምቀት ትቆይ» ብላ በቅሎዋን ጫነች።

ሐኪሙን ይህች ለምን ያዘች አልሁት። «ስከፍታት ጽንሷ ገፍቶ ነበር። ምናልባት ከገፋ በኋላ ፍሬዎቹ አያስፈልጉም ይሆናል።»

«የኔስ? እኔን ማንም አልከፈተኝም።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አላውቅም» አለ።

እንዲህ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ተናድጄ ወጣሁ።

ለወረደ ጽንስ ለቅሶ አይቀመጡም። እኔ ዛሬ በረቱ ውስጥ ተቀመጥሁ። የሺ ድምፄን ሰምታ መጣች።

«ማን ሞቶ ነው፣ እቴቴ?» አለች።

ለአራቱም ስም አላወጣሁላቸውም። ማን ልበላት?