ነገ የተባለችው ባቡር

የሰፈሩ ልጆች «አባባ ባቡር» የሚሏቸው አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በሰዓት ጥገና ሙያ ተመረቁ። ከዚያም ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ እሳቸው ከተቀመጡ ደንበኛ ውጭ በሚቆምባት ጠባብ ክፍል ሥራ ጀመሩ፤ እስኪታመሙም ድረስ ከዚያች ክፍል አልወጡም።

በ1966 ዓ.ም. ከመምህርቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ቁልፏ ሲጠመዘዝ የምትሮጥ አሮጌ የመጫወቻ ባቡር ገዙለት። በ1975 ዓ.ም. ከባቡሯ ሆድ ውስጥ ጎማዋን የምታሽከረክረው፣ የአተር ክክ የምታህል የናስ ጥርስ ተሰበረች። ልጁ «አባዬ፣ ሥራልኝ» ሲላቸው ጠረጴዛቸው በሰው ሰዓት ተሞልቶ ነበርና «ነገ» አሉት። በማግስቱ ልጁን ትኩሳት ጣለው፤ ከዚያ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ልጅ «ነገ» ብለው አያውቁም። መጫወቻ ይዞ የመጣ ልጅ እዚያው ይሠራለታል፤ ባለሰዓቶቹ ቢያጉረመርሙ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉ ነበር።

የባቡሯ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቶ ስለነበር ጥርሷ ገበያ ላይ አትገኝም። ራሳቸው ቀርጸው ቢሞክሩም እየተንሸራተተች እምቢ አለቻቸው። እንግዲህ የቀረው ፍለጋ ነው። ያልበረበሩት አሮጌ ዕቃ ሻጭ የለም፤ ሠርግ ተጠርተው እንኳ ሙሽሮቹን ትተው የሰው ቁምሳጥን ሥር ሲያጮልቁ ተይዘዋል!

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከአንዲት አሮጊት በገዙት ስብርባሪ ባቡር ውስጥ ጥርሷን አገኟት። በዚያው ሳምንት ግን የዳቦ ጋጋሪው ትንሽ ልጅ ያንኑ ዓይነት ባቡር፣ ያችው ጥርስ ተሰብራባት፣ እያለቀሰች ይዛ መጣች። ለሷ ገጠሙላት። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ «የልጄን?» ብለው አነቡ፤ ብዙ ቀንም አኮረፏቸው። አጎታችን የመለሱት ይህን ብቻ ነው፦ «የኛ ልጅ አያድግም፤ ይጠብቀኛል። ይቺ ግን ታድጋለች።» ከዚያ በኋላ ሌላ ጥርስ አላገኙም፤ መፈለጋቸውንም አልተዉም።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ያ ሰዓት የፈታ የገጠመ እጃቸው ማንኪያ መያዝ አቃተው። በቅርቡ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት፣ ልትጠይቃቸው መጥታ በመሐረብ የቋጠረችውን መዳፋቸው ላይ አኖረች። ከራሷ ባቡር ያወጣቻት ያችው ጥርስ ነበረች። «አባባ፣ እኔኮ አድጌያለሁ» አለቻቸው።

እሳቸው እየነገሯቸው ባለቤታቸው በልጃቸው ባቡር ውስጥ ገጠሟት። ባቡሯ አልጋቸው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሮጠች። አጎታችን እስክትቆም አዳምጠው፣ «ድምጿን ረስቼው ነበር እኮ» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና በእጃቸው ያደግነውን የእህቶቻቸውን ልጆች ጥለውን ሄደዋል። አንጀታችን ተቃጥሏል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከልጃቸው ነፍስ ጎን ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥልን። ባቡሯ ዛሬ አብራቸው ትቀበራለች። ልጃቸው ዘንድ ባዶ እጃቸውን እንዳይደርሱ፣ ባለቤታቸው ጠቅልለው ከጎናቸው አስቀምጠዋታል።