ራዲያተር ውስጥ የገባው ጠበል

ጥቅምት ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይመስገን፤ የአሮጌዋ የጀርመን መኪናዬ ሞተር ተርፏል። ትናንት የቸርችል ጎዳናን ዳገት ስትወጣ ፈልታ ቆመች። አንድ መካኒክ ሞተሯ አብቅቶለታል ቢለኝ፣ ጉልበቷን የሚያማት ባለቤቴ ከእንግዲህ በምን ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች ብዬ ተጨንቄ ነበር። ዛሬ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ሌላ መካኒክ፣ መስፍን፣ ራዲያተሯን ፈትቶ፣ የውሃ መተላለፊያዋን የደፈነ እንደ ኖራ የነጣ ዝቃጭ አሳየኝ።

«ፋዘር፣ ምን ውሃ ነው የሚጨምሩባት?»

«ጠበል» አልኩት።

«ጠበሉን እርስዎ ይጠጡት፤ ለእሷ የሞተር ማቀዝቀዣ ኩላንት ይግዙላት!» ብሎ ሳቀ።

ራዲያተሯን አጥቦ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቴርሞስታቷን ቀይሮ በአነስተኛ ዋጋ አስነሣት። ነገ ለእመቤታችን በዓል ባለቤቴን ይዣት እሄዳለሁ። ከራዲያተሯ የወጣው ጠበል ግን ከጋራዡ ቆሻሻ ጋር ቱቦ ገብቷል፤ ይህን ለንስሐ አባቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው...