የአባባ ባትሪ

ማሙሽ፣
ከጋራዥ ያመጣኸውን ትልቅ ቻርጀር መልስ። ለቆመ መኪና አይሆንም ብልህ በጄ አላልክም። ሦስት ቀን ሙሉ እንደተሰካ ትተኸው ጠፋህ፤ የአባባ መኪና ባትሪ ውሃው ፈልቶ ደረቀ።

አዲስ ባትሪ አስገብቻለሁ። የገዛሁት ትንሽ ቻርጀር መኪናው ውስጥ ወንበሩ ላይ አለልህ። ሲሞላ ራሱ ያቆማል፣ ሲጎድል ራሱ ይቀጥላል። ቀዩን ገመድ የባትሪው የመደመር ምልክት ላይ፣ ጥቁሩን መቀነሱ ላይ። ሌላ ነገር አትነካካ።

ትናንት አባባ ፊት መጮህ አልነበረብኝም።
የተናገርኩትን ግን አልመልሰውም።

እኔ ሄጃለሁ። አትደውል።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ንቀልና ሞተሩን አስነሳ። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ድምፁን ይጠብቃል። በየቅዳሜው እኔ ሳስነሳው፣ እሱ «ልጄ መኪናዬን አስነሳልኝ» እያለ ሁለት ዓመት አንተን መረቀህ። ልፋቱ የእህትህ፣ ምርቃቱ ያንተ።

ትናንትም ቢሆን እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ሞተሩ ዝም ካለ ግን፣ ለምን እንደሆነ አንተው ንገረው።