ተራዬን ጠብቀህ ለሄድከው

ግርማ፣

«ግርማዬ» ብዬ ብጀምርልህ ደስ ይልህ እንደነበር አውቃለሁ። ዛሬ ግን አልልህም። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት ደግ ደግህን ሳወራልህ ከረምኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔን ያድርገኝ። ልወቅስህ ነው የተቀመጥኩት።

ቃል ተገባብተን ነበር። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የምንማርበት አቅም ስላልነበረን መጀመሪያ አንተ ማስተርስህን ትይዛለህ፣ እስክትጨርስ እኔ ማስተማሩንም ቤቱንም እሸከማለሁ፣ ከዚያ ተራው የእኔ ይሆናል። የትምህርት ሥነ ልቦናን የመረጥነው አብረን ነው። በሰው አገር ባለችው በዚያች ትንሽ የሐበሻ ትምህርት ቤታችን ከአገር ቤቱ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆች ሲበዙብን፣ ሰሌዳ ፊት ቁጭ ብለው ሰሌዳውን የማያዩት ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈልገን ነበር። አንተ ተማርክ፣ ተመረቅክ። ጋዋንህን የተኮስኩልህ እኔ ነኝ። ፎቶህ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፤ ቆብህ ወደ ግራ ዘሟል፣ ጥርስህ ሁሉ ይታያል። አንዳንድ ቀን ሳየው ወደ ግድግዳው ልገለብጠው ያምረኛል።

የእኔ ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው በርበራ ወደብ ሥልጠና አለኝ ብለህ ወጣህ። በርበራ! አገር ቤት ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቶ፣ የእናትህን ድምፅ ሳትሰማ ቆይተህ፣ እንቅልፍ አጥተህ እንደነበር አልጠፋኝም። ደሴ ሄጄ ላውጣት ስትለኝ መንገዱ ይለይለትና ትሄዳለህ አልኩህ። እሺ አልከኝ። እሺ ብለህ ጫማህን አሰርክና በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን ተሻግረህ ሄድክ። ሥልጠና የሚሄድ ሰው መስሎኝ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘሁህ እኮ!

እናትህ ግን አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥታ አዲስ አበባ፣ እህትህ ቤት ገብታ ነበር። ዛሬም ደህና ናት። ትደውልልኛለች፣ ታለቅሳለች፣ አጽናናታለሁ። የተሳፈርክበት መኪና መንገድ ላይ ተመታ ከማለት በቀር የት እንደተቀበርክ፣ ማን አፈር እንዳለበሰህ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አንድ ቀን ብትታገሥ ኖሮ ይደወልልህ ነበር። አንድ ቀን።

መርዶህ የመጣው የመጀመሪያ ክፍሌ በሚጀመርበት ዕለት ማለዳ ነው። ዳሚ ሰፈር ለግንበኞቹ ምግብ የምታበስለውን እትዬ አስካለን ታስታውሳታለህ። እሷ ከፊት፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከኋላ ሆነው በሩ ላይ ቆሙ። ማንም አልተናገረም። አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላዋን አየሁት፣ ገባኝ። አከራያችን ሆዳን ጩኸቴን ሰምታ በባዶ እግሯ መጣች፤ «ኢና ሊላሂ» እያለች አጠገቤ ተቀመጠችና ማታ ሻይ አፍልታ ላከችልኝ። ድንኳን የምንጥልበት ቦታ አልነበረም። በተከራየናት ክፍል ውስጥ ቀስ ብለን አለቀስንህ። ባል የሞተበት ሰው ቀስ ብሎ ሲያለቅስ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቅም።

ከዚያ ጥቁር ለበስኩ። በዚህ ከተማ ግማሹ ሴት ጥቁር ለባሽ ነውና ሐዘኔን የሚያየው አልነበረም። ሆዳን እንኳ ገርሟት ጠየቀችኝ፤ በእነሱ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ነው የምትለብሰው። የሚያውቁልኝ የእኛዎቹ ብቻ ነበሩ። ይሁን አልኩ። መቃብር የለህ፣ አበባ የማስቀምጥበት ድንጋይ የለህ። ጥቁሬ መቃብርህ ሆነ፤ በባጃጅ ተሸክሜህ እሄዳለሁ፣ ተሸክሜህ እመለሳለሁ።

አርባህ ሳይወጣ ክፍል ገባሁ። እትዬ አስካለ አዘነችብኝ፤ ባሏን ሳታለቅስ ደብተር ገለጠች ብላ ለሰው ተናገረች። ያንን ያህል ቀን ብቀር ስሜ ይሰረዝ እንደነበር ማን ይንገራት? ተራዬን አንዴ ወስደህብኛል፣ ሁለተኛ ላስወስድ አልፈለግሁም። እያነባሁ አነበብኩ። መጽሐፎችህ ላይ በእርሳስ ያሰመርክባቸውን መስመሮች አገኘሁ፤ ዋናውን ነገር ትተህ ዳር ዳሩን ነበር የምታሰምረው።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ልጆቻችን ነው። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ የሚያደርጉትን እጽፍ ነበር። መምህሯ ትናገራለች፣ እነሱ በሩን ያያሉ። ትጽፋለች፣ በሩን ያያሉ። «ትኩረት ማጣት» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬም ወደደው። ትኩረት ማጣት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያምራል።

ከዚያ አማካሪዬ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ክፍሉን ሊያይ መጣ። ልጆቹን ከትምህርት በፊት እንዲለምዳቸው በማለዳ ና ያልኩት እኔ ነኝ። የሩቅ አገር ሰው ነው፣ የእኛን የመርዶ ወግ ከየት ያውቀዋል? በአንድ መኪና መጡ። ላለመረበሽ ብለው ድምፃቸውን አጥፍተው በሩ ላይ ቆሙ። አማካሪዬ በጨዋነት ባርኔጣውን አወለቀ። ከፊታቸው እኔ አለሁ፣ በጥቁር ነጠላ።

አባቷ አገር ቤት የቀረባት ሜሮን ከወንበሯ ተነስታ «የማን ነው?» አለች።

ማንም ሳይመልስላት አንዱ ልጅ «የእኔ ነው» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ የእናቷን ስም እየጠራች ደረቷን መታች፤ ትልልቆቹ ሲያደርጉ እንዳየችው። ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። የሞተ ሰው የለም እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ፤ ጥቁር ለብሳ የሞተ የለም የምትልን ሴት ማን ያምናታል? እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ልጆቹ ዝም እስኪሉ ረፋድ ሆነ።

ግርማ፣ በሩን የሚያዩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ትኩረት አላጡም። ከእኔና ከአንተ የበለጠ ትኩረት ነበራቸው፤ የሚጠብቁት ነገር የሚገባው በበር ነው። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው በዚያ በር በጥቁር ነጠላ ስገባባቸው ኖሬአለሁ። አብረን ስንመርጠው የጠየቅነው ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። አጠገቤ ሆነህ ብትሰማው ኖሮ ወንበር ገልብጠህ ትነሣ ነበር። የለህም። በዚህም ተናደድኩብህ።

አማካሪዬ ነገሩን ሳስረዳው አዘነ፤ ቢሆንም እነዚህ ልጆች ካልተረጋጉ ጥናቱ እዚህ አይሠራምና ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ርዕስ ፈልጊ አለኝ። ያ ማለት ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ያ ማለት ተራዬ እንደገና ሊያልፍ ነው። ልጆቹም በሩን እያዩ ሊቀሩ ነው።

ቅዳሜ ጥቁሬን አወለቅሁ። አጥቤ አጠፍኩት፤ ሻንጣህ ውስጥ ከሸሚዞችህ ሥር አስቀመጥኩት። ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ። እትዬ አስካለ ዓመቱ ሳይሞላ መሆኑን ሰምታ እቤቴ ድረስ መጥታ ጮኸችብኝ። እኔም ጮኽኩባት። ባሌ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቅበት አልኳት። እስካሁን አልታረቅንም።

ሰኞ አረንጓዴውን ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጭ ነጠላ አድርጌ ገባሁ። ልጆቹ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሜሮን ፊቷ በራ። «ቲቸር ግርማ መጣ እንዴ?» አለችኝ።

አንተም አስተምረሃት ነበርና ትጠብቅህ ኖሯል። ጥቁሬ ሲወልቅ፣ ተመልሰህ የመጣህ መሰላት። ልትገባ ነው ብላ ከኋላዬ በሩን ታይ ነበር።

አልመጣም አልኳት። ቲቸር ግርማ ሞቷል፣ አይመጣም። ይህን ቃል በገዛ አፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሌሎች ሲሉት እሰማለሁ፣ አለቅሳለሁ፤ እኔ ግን «ከሄደ ወዲህ» ነበር የምለው። ሜሮን ትንሽ አለቀሰች። እጇን ይዣት ቆየሁ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ እኔም ከኋላ ሄጄ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ።

ለቀስተኛ እንደሚያደርገው አላስታውስህም። ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር፣ መላእክት ናፍቀውት ወሰዱት አልልም። በርበራን ሳልተው፣ እሺ ብለህ መዋሸትህን ሳልተው፣ ያንን የዘመመ ቆብህን ሳልተው እንዳለህ አስታውስሃለሁ። ይቅርታዬን ገና አላገኘህም፣ ትጠብቃለህ፤ ተራ መጠበቅን አንተም እየው። የምመረቅ ዕለት ጋዋኔን የሚተኩስልኝ ሰው የለም። ራሴ እተኩሰዋለሁ፣ እየተኮስኩም እሰድብሃለሁ። የምሰድበው ሌላ ማን አለኝ፣ ግርማዬ?