ሳይሻር የቀረው ኑዛዜሽ

የልጄ እናት ወለተ ሥላሴ ሆይ፤ ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ፍልሰታ ገባ። ጾሙን እንደ ልማዴ ይዣለሁ፤ ማኅሌት መቆም ግን ከብዶኛል፤ መቋሚያዬን እንደ ተደገፍሁ አንቀላፋለሁ።

ቤታችን እንደ ተውሽው አይደለም። በከተማው ግንብ በኤረር በር ገብተሽ ታርፊበት የነበረው ግቢ በድንጋይ አጥር ለሁለት ተከፍሏል፤ የሎሚው ዛፍ በወንድምሽ ልጅ በኩል ቀርቷል።

ልጃችን ዘነበች ሃይማኖቷን ለውጣ ከከተማው ውጭ፣ የድሬ ጠያራ መንደሩን ሙስሊም ገበሬ ባገባች ጊዜ፣ በነፍስ አባታችንና በምስክሮች ፊት ድርሻሽን ለወንድምሽ ልጅ ተናዘዝሽ። ታመሽ ስትተኚ ግን መጥታ እግርሽን አጠበች። አንቺ ፊትሽን ከግድግዳው አልመለስሽም። ከሄደች በኋላ፣ «ኑዛዜዬን ሽሬዋለሁ፤ ድርሻዬ ለልጄ ይሁን፤ አባን ጥራልኝ» አልሽኝ። አባም ምስክሮቹም ሳይደርሱ አንደበትሽ ተያዘ።

ካረፍሽ በኋላ የወንድምሽ ልጅ ድርሻሽን በኑዛዜው ሲጠይቅ፣ ችሎት ቀርቤ ይህንኑ ለዳኛው ነገርሁ። የወንድምሽ ልጅ፣ «እትዬ ሐሳባቸውን የለወጡት ከሞቱ በኋላ ነው እንዴ?» ቢል ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «አባቴ፣ ዋሹ አልልም። ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ይሻራል፤ ሲሻር ግን እንደ አደራረጉ በምስክር ፊት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አሉኝ። ሕጉን ልወቅሰው አልቻልሁም። ሟች ሐሳቡን ለውጦ ነበር በተባለ ቁጥር ርስት ቢመለስ፣ ማን በቤቱ ተኝቶ ያድራል?

የቀረውን የእኔን ድርሻ ለዘነበች እንድናዘዝላት ሽማግሎች መከሩኝ። እምቢ አልሁ። ኑዛዜ እስክሞት ድረስ በእጄ ነው፤ እኔ ደግሞ ልቤን አላምነውም። በዓመት በዓል፣ ማዕተብ የሌለበት አንገቷ ትዝ ሲለኝ፣ ቁጣው ይመለስብኛል። የደከመ ሽማግሌን የሚያባብል ዘመድም አይጠፋም። ስለዚህ በቁሜ፣ በምስክር ፊት፣ በስጦታ ሰጠኋት፤ ነገ ብቆጣ እንደ ኑዛዜ በፈቃዴ ልሽረው አልችልም። እሷም፣ «አባባ፣ እርስዎስ የት ሊኖሩ ነው?» ብላ አለቀሰች። «በቤትሽ» አልኋት።

ወለተ ሥላሴ፣ ደክሞኛል። ቢሆንም በየቅዳሴው ስምሽን አስጠራለሁ። ችሎት ያልተቀበለው የመጨረሻ ቃልሽም በእኔ ዘንድ እንደ ጸና ይኖራል፤ እስትንፋሴ እስኪያልቅ አልረሳውም።