የአቶ እጅጉ ገብረ ኢየሱስ ሕይወትና ያጠሩት ሣር

አቶ እጅጉ ገብረ ኢየሱስ ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ኢየሱስ እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም በላይ፣ በምዕራብ ጎጃም ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ቀጭንና አልቃሻ ነበሩ፤ «ይህስ አይበረክትም» ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ ቀድመዋቸው ሄደዋል።

ዳዊት ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ደገሙ። አባታቸው ለድቁና ቢያስቧቸውም እሳቸው አስኳላውን መረጡ፤ አንደኛ ደረጃን ቡሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ተማሩ። ስንቅ ተሸክመው የሚመላለሱት ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ እህተ ማርያም ነበሩ፤ እሳቸው ከፊደል ሳይተዋወቁ ወንድማቸውን አስተዋወቁ።

በ1971 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም መሐል ከተማ በሚገኘው ባለ ሁለት ፎቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጥረው እስከ ንብረት ክፍል ኃላፊነት ደረሱ። በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰብለ ታረቀኝን በቁርባን አግብተው ዮርዳኖስንና ሀይሉን ወለዱ። ወይዘሮ ሰብለ «ጣውንቴ ያ ሕንፃ ነው» ሲሉ የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ተናጋሪዋ ግን አይስቁም ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር አሮጌው ባዶውን ቀረ። መስኮቱ ረገፈ፣ የሌሊት ወፍ ገባበት። ይፍረስና የገበያ ሕንፃ ይሠራበት የሚሉ ተነሡ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ የወጡት አቶ እጅጉ «ግድግዳው ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው፤ ቤት ያጣ ሰው ይግባበት» ብለው ደጅ ጠኑ። ትናንት እሳቸው ያመላልሱት እንደነበረው ባለጉዳይ፣ በተራቸው «ነገ ተመለሱ» ሲባሉ ከረሙ። በመጨረሻ ተፈቀደ። ቤት ፈላጊው ማኅበር መሠረተ፤ ሰፋፊው ቢሮ በብሎኬት እየተከፈለ መኝታ ቤትና ማድ ቤት ሆነ፤ ውኃ ፎቅ ወጣ። የመኪና ማቆሚያው ኮንክሪት ተሰብሮ ቀይ አፈር ለበሰ፤ ሰርዶ ተተከለበት፣ ዳር ዳሩን ወይራና ዋንዛ። በ2014 ዓ.ም. በኪራይ ቤት ሲንከራተት የኖረ ሁሉ የራሱን በር ከፍቶ ገባ። ይህ የአቶ እጅጉ ሥራ ነው፤ ምስጋናቸውን የሚነፍግ አይኑር።

ሙት አይወቀስም ይባላል። እሳቸው ግን «ሳትደብቁ አንብቡልኝ» ብለው አዘዋልና ይነበባል።

እሳቸውም እዚያው ገብተው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ በሆኑ ጊዜ ሣሩን በሽቦ አጠሩት። በር አበጁለት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉንም ከማተባቸው ጎን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ኳስ ዘሎ ከገባ አይመለስም። እህታቸው ከቡሬ ሊጠይቋቸው መጥተው «አንተ እጅጉ፣ በሬ የለህ ላም የለህ፣ ይህን ሣር ለማን ነው የምታደልበው?» አሏቸው። «እታለም፣ ይህ ለዓይን ነው።» «ለዓይንማ ቡሬ ሙሉ ሜዳ አለልህ!»

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆኑት የወይዘሮ አቻምየለሽ አንድያ ልጅ ስመኘው በአጭር ሕመም አረፈ። ደጁ አስፋልት ነው፤ ካስማ አይበላም። ዕድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ ከሽቦው በር ቆመ። የዕድሩ ዳኛ አቶ እንዳለው «ጋሼ፣ ቁልፉን» አሉ። አቶ እጅጉም «ሥሩ ገና አልያዘም። ክረምት ነው፣ በሦስት ቀን ጭቃ ታደርጉታላችሁ። ኮሪደሩ ሰፊ ነው፣ እዚያ ተቀመጡ» አሉ።

ለቀስተኛው ፊርማ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ግድግዳ ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። አስከሬኑ ሲወርድ ሳጥኑ የደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ፤ ሟቹን ቀጥ አድርገው አቁመው አዞሩት። እናቱ ይህን ቆመው አዩ። ዝናቡም ቀኑን ሙሉ ሣሩን ሲያጠጣ ዋለ።

ከዚያ ወዲያ አቶ እጅጉን የሰደበ የለም። ሰላምታው ግን ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ቢታከሙም «ቤታችሁ አስታምሟቸው» ተብለው ተመለሱ። ያን ጊዜ የንስሐ አባታቸውንና አቶ እንዳለውን ሽማግሌ ላኩ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፣ ወንበር ሰጡ፣ ከዚያም «አባቴ፣ እርስዎ ይፍቱኝ፤ እኔን ግን ማሩት አይበሉኝ። ሣሩ ይፍታው!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ይህን ለበሽተኛ መንገር ፈሩ። እህታቸው ግን የሚሞት ሰው አይታለልም ብለው ቃል በቃል ነገሯቸው። አቶ እጅጉ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና «እውነቷን ነው» አሉ።

በማግሥቱ ሽቦውን ልጃቸው ሀይሉ ቆርጦ እንዲጥለው አደረጉ፤ አልጋቸውንም ወደ መስኮቱ አስጠጉ። የሚረግጠው ሰው አጥተው ሲጠብቁ ሰነበቱ። ልጆቹ እንኳ ለምደውት በዳር በዳር ያልፋሉ። ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ አንድ ሰው ሣሩን ሳይረግጥላቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ፣ ልጆቻቸው ዮርዳኖስና ሀይሉ፣ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ እህተ ማርያም በሕይወት አሉ።

ድንኳኑ ዛሬ ጧት ሣሩ መሐል ተተክሏል። ከቀብር መልስ ኑ፤ በዳር አትዙሩ፣ መሐል ለመሐል ግቡ። የመጀመሪያው ቀን ለቅሶ የስመኘው ነው፤ ሰብለም ልጆቹም ተስማምተዋል። ወይዘሮ አቻምየለሽን ማንም እንዳይለምናቸው። ከመጡም የልጃቸውን ለቅሶ ይቀመጡ፤ የአቶ እጅጉን ማልቀስ የለባቸውም። አቶ እጅጉ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እግዚአብሔር ለምለም መስክ ይስጣቸው አንልም፤ እሱን በምድር አግኝተው ብቻቸውን አይተውታል። ነፍሳቸውን ሰው በሞላበት ያሳርፍልን። አሜን።